ኮማንድ ፖስት፣ ሰዓት እላፊ፣ ወታደራዊ ሕግ፦ አንድ አድርገን የምንጠራቸው ግን አንድ ያልሆኑ

ባሕር ዳር ውስጥ ባለፉት ዓመታት ያልሰማነው የሕግ ቃል የለም። ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት «ኮማንድ ፖስት»፣ «አስቸኳይ ጊዜ»፣ «ወታደራዊ ሕግ» እየተባለ ይወራል። ብዙ ሰው ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣቸዋል። ልጇ የታሰረባት እናት ግን ማን ዘንድ ሄዳ ምን ብላ እንደምትጠይቅ የሚወስነው በሥራ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ነው።

ትልቁ ስህተት አስቸኳይ ጊዜን ወታደራዊ ሕግ ማለት ነው። በወታደራዊ ሕግ ሥልጣኑ ራሱ ከሲቪሉ ወደ ጦሩ ይሻገራል። ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የደቡብ ኮሪያው ፕሬዚዳንት ይህንኑ አውጀው ነበር። የምክር ቤቱ እንቅስቃሴ ታገደ፣ ሚዲያው በጦሩ ቁጥጥር ሥር ይሁን ተባለ። እንደራሴዎቹ አጥር ዘለው ገብተው 190 ሆነው ይነሣ ብለው ድምፅ ሰጡ፤ ሳይነጋ ተነሣ። በእኛ አገር የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ወታደራዊ ሕግ የማወጅ ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። የአሁኑ ግን ለማንም አልሰጠም። አንቀጽ 93 የሚያውቀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅን ብቻ ነው። የሚያውጀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ የሚያጸድቀው ፓርላማ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሁሉ ወታደር ቢሆን እንኳ የአዋጁ ተጠያቂዎች ሲቪሎች ናቸው። ይህን መርሳት እነሱን ከተጠያቂነት ነፃ ማውጣት ይመስለኛል።

ወታደር ስላየን ብቻ አዋጅ አለ ማለትም ልክ አይደለም። ክልሉ ጸጥታው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ከጠየቀ፣ በአንቀጽ 51 መሠረት መከላከያ ያለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊሠማራ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መብቶቻችን እንዳሉ ናቸው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ቤተሰብ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

«ክልሉ አወጀብን» የሚለውም በተደጋጋሚ ይሰማል። ክልል በራሱ ሥልጣን አስቸኳይ ጊዜ ማወጅ የሚችለው ለተፈጥሮ አደጋና ለወረርሽኝ ብቻ ነው። ለጸጥታ አይችልም። በ2015ም የሆነው ይኸው ነው፤ ሐምሌ 27 ክልሉ የፌዴራሉን መንግሥት እርዳታ ጠየቀ፣ በማግስቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አወጀ።

ሰዓት እላፊ ደግሞ አንድ እርምጃ እንጂ አዋጅ አይደለም። ባጃጆች ሳይመሽ ሲሰወሩና ሱቆች በጊዜ ሲዘጉ የምናየው የአዋጁን አንድ ገጽ ነው። የእንቅስቃሴ ገደብም ሁልጊዜ ከጦርነት ጋር አይመጣም። መጋቢት 2012 ላይ ባሕር ዳር በኮሮና ምክንያት ለ14 ቀን ስትዘጋ የፌዴራሉ አዋጅ ገና አልወጣም ነበር።

አሁን ወደ ጊዜው። አዋጅ ማብቂያ እንደሌለው አድርገን እናወራለን። ፓርላማው ሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ ይቀርብለታል፤ እረፍት ላይ ከሆነ በ15 ቀን። ሁለት ሦስተኛው ካልደገፈው ወዲያው ይሻራል። ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ ሊራዘም ይችላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የታወጀው፣ ፓርላማው እረፍት ላይ ስለነበር የጸደቀው ነሐሴ 8 ነው። ጥር 24 ቀን 2016 ለአራት ወር ተራዘመ፤ ግንቦት መጨረሻ ላይ ጊዜው አበቃ። ኮማንድ ፖስት የአዋጁ አስፈጻሚ ነው። አዋጁ ካበቃ በኋላ «በኮማንድ ፖስት ትእዛዝ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በየትኛው አዋጅ እንደሆነ መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ «አዋጅ ካለ መብት የለም» የሚለው ነው። ይህን አምኖ ቤቱ የሚቀመጥ ቤተሰብ ስንት ነው! በአዋጅ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ ሊፈቀድ ይችላል፤ የ2015ቱም ፈቅዷል። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18ና እኩልነትን የሚደነግገው አንቀጽ 25 ግን በምንም አዋጅ አይነኩም። በሕይወት የመኖር መብት በዚህ ዝርዝር ውስጥ በስሙ አለመጠቀሱ ለእኔ ትልቅ ክፍተት ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ይህንንም እንዳይገደብ ይከለክላል፤ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው።

በዚያ ላይ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ ይቋቋማል። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሁሉ ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለበት። ቤተሰብ በእጁ ሊይዘው የሚገባው ይህ ነው። ሰው ሲታሰርባችሁ የተያዘበትን ቀንና ሰዓት፣ ማን እንደያዘው፣ ወዴት እንደተወሰደ በዚያው ቀን ጻፉ። ከዚያ አዋጅ አለ ወይስ የለም ብላችሁ ጠይቁ። ካለ ስሙን ከቦርዱ ጠይቁ፤ ከሌለ በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት ሂዱ።