«ጌት» (get) የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ እንዴት መረዳትና መጠቀም እንደሚቻል

እንግሊዝኛ ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው፣ ከዓመታት በኋላም የሚያደናግረው ግሥ «ጌት» ነው። መዝገበ ቃላት «አገኘ» ብሎ ይፈታዋል። በእርግጥም ቃሉ ከስካንዲኔቪያ ሰፋሪዎች ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ትርጉሙ ይኸው ነበር። ነገር ግን «አይ ጌት አፕ አት ሲክስ» ያለ ሰው ያገኘው ነገር የለም፤ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ መናገሩ ነው። ስለዚህ ቃሉን ለብቻው ከመተርጎም ይልቅ ከኋላው የሚከተለውን መመልከት ይበጃል።

በመጀመሪያ፣ የሚከተለው ስም መሆኑን ይመልከቱ። «አይ ጎት ኤ ሌተር» («ጎት» የ«ጌት» ኃላፊ ጊዜ ነው) ማለት ደብዳቤ ደረሰኝ፣ «ጌት ሚ ሰም ዋተር» ማለት ደግሞ ውሃ አምጣልኝ ማለት ነው። ቦታ ከተከተለው «ደረሰ» ይሆናል፤ «ጌት ቱ ዘ ኤርፖርት» እንደሚባለው። ቤት ሲሆን ግን «ቱ» ይቀርና «ጌት ሆም» ይባላል።

ቀጥሎ፣ ቅጽል ከተከተለው የሁኔታ ለውጥን ያመለክታል። አማርኛ «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «እየመሸ ነው» ሲል ለውጡን በግሡ ውስጥ ስለሚይዘው ሌላ ረዳት ቃል አያስፈልገውም። ተማሪዎች «ጌት»ን የሚዘነጉትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። «ኢት ኢዝ ዳርክ» ጨልሟል ማለት ሲሆን፣ እየጨለመ ነው ለማለት ግን «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዳርክ» ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው «ፋየርድ» ወይም «ፊክስድ» የመሰለ የግሥ ቅርጽ ሲከተል ነው፤ እዚህ ላይ የአማርኛ ቅጥያዎች ጥሩ መሪ ይሆናሉ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ስንል «ከሥራ ተባረረ» እንደምንለው የ«ተ»ን ሥራ ይሠራል። በመካከል ተሳቢ ሲገባ ግን «አስ» የሚያመጣውን ትርጉም ይይዛል፤ «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» መኪናዬን አስጠገንኩ ማለት ነው። «አይ ፊክስድ ማይ ካር» ካሉ ሰሚው እርስዎ ራስዎ መፍቻ ይዘው መኪናው ሥር እንደገቡ ሊረዳው ይችላል። «አይ ጎት ሂም ቱ ፊክስ ኢት» ሲባል ደግሞ አግባብቶ የማሠራት ስሜት ይጨመርበታል። «ተጋባ» ለማለት «ጌት ሜሪድ» ይባላል፤ «ከእርሷ ጋር» የሚለው አነጋገራችን ወደ «ዊዝ» ቢጎትተንም ትክክለኛው መስተዋድድ «ቱ» ነው።

እንደ «አፕ» እና «ኦቨር» ካሉ ቃላት ጋር የሚመጣውን በአንድነት መያዝ እንጂ መተንተን ብዙ አይጠቅምም። ለመሳፈር ግን የሚረዳ መለያ አለ፤ ቆመው በሚራመዱባቸው አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»፣ በቤት መኪና «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ይባላል።

አሜሪካ የሚኖር ሰው «ጎትን» (gotten) የሚለውንም የ«ጌት» ቅርጽ መለየት አለበት። በዚያ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ጆብ» ሥራ አለኝ፣ «አይ ሃቭ ጎትን ኤ ጆብ» ደግሞ ሥራ አግኝቻለሁ ማለት ነው፤ በዛሬው የብሪታኒያ እንግሊዝኛ ግን በአብዛኛው ለሁለቱም «ጎት» ያገለግላል።

በመጨረሻም፣ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፉ «ጌት»ን ይቀንሱ። «አይ ጎት ማይ ዲግሪ» ስሕተት ባይሆንም የወዳጅ ጨዋታ ቃና አለው፤ ለቀጣሪ በሚላክ ደብዳቤ ላይ «አይ ሪሲቭድ ማይ ዲግሪ» ቢባል ይመረጣል።