ጤፍ ከመውቃታችሁ በፊት ደመናውን ከላይ እዩት

ጤፉ ታጭዶ አውድማ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ የኅዳር ዝናብ የዓመቱን ልፋት ገደል ይከታል። እኔ ቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው አድአ ላይ የሳተላይት ምስል ሳላይ ክምር አላፈርስም።

በስልካችሁ የአውሮፓን የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች ድርጅት፣ የዩሜትሳትን የምስል ገጽ ክፈቱ፤ ክፍያ የለውም። ከሳተላይቶቹ መካከል ከሕንድ ውቅያኖስ በላይ የቆመውን ሜቲዮሳት ምረጡ። በየ15 ደቂቃው ያነሳል፤ አገራችንንም ከሞላ ጎደል ፊት ለፊት ያያታል። ከዚያ ቆቃንና ዝዋይን ፈልጉ። ሰማዩ ጥርት ሲል ሐይቆቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ፤ ቢሾፍቱ ከቆቃ በስተሰሜን ናት።

ሰዓቱ በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 3 ቀንሱለት፤ 06:00 የሚለው የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

በአንድ ምስል ፈጽሞ አትወስኑ! የሁለት ሰዓት ያህል ምስሎችን አከታትላችሁ ተመልከቱ። ደመናው ወደ እናንተ እየገፋ ነው ወይስ እየሳሳ? ሙቀትንና ቅዝቃዜን በሚለየው በኢንፍራሬድ ምስል በጣም የነጣው አናቱ የቀዘቀዘና ከፍ ያለ ደመና ነው። ከቀትር በኋላ እንደ ቦካ ሊጥ እየተነፋ ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ሸራ አልብሱ። ስስ የላባ ደመናም ነጥቶ ያታልላል፤ እሱን ግን በቀን ብርሃን ምስል ስታዩት ሥሩ ያለው መሬት ያሳያል።

የሌሊት ጉም ሙቀቱ ከመሬቱ ጋር ስለሚቀራረብ በኢንፍራሬድ በቀላሉ አይለይም። ለእሱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚነሳውን የቀን ምስል ጠብቁ።