በጮቄ ጉም ውስጥ ወጥመድ የገቡ አይጦችን ከሞት ያዳንሁበት መንገድ

በጮቄ ተራራ፣ አስታና ጅብራ በሚበቅልበትና ጉም እስከ ረፋድ በማይለቀው ከፍታ ላይ፣ አይጦችን በሕይወት ይዘን፣ መዝነንና ለክተን ለመልቀቅ የሸርማን ወጥመዶችን፣ ማለትም በር ያላቸው ትንንሽ የአሉሚኒየም ሣጥኖችን፣ ዘርግተን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከተያዙት አንዳንዶቹ ርሰውና ደንዝዘው ተገኙ፤ ሁለቱ ሞተው ነበር፤ ይህም እጅግ አሳዘነኝ።

ጥፋቱ የብርዱ ብቻ መስሎኝ ጥጥ ጨመርሁ፤ ጥጡም አብሮ ራሰ። ምክንያቱን የተረዳሁት አንዱን ወጥመድ ከፍቼ ውስጡን በጣቴ ስዳስስ ነው፦ የአሉሚኒየሙ ግድግዳ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የእንስሳው ትንፋሽ በላዩ ላይ ውኃ ይቋጥራል፣ ከአስታው የሚንጠባጠበውም በበሩ በኩል ይገባል፣ እኔ ደግሞ ወጥመዶቹን ለጥ ባለ መሬት ላይ ስላስቀመጥኋቸው ውኃው መውጫ አልነበረውም።

ስለዚህ እያንዳንዱን በጓሳ ሣር ጠቅልዬ በላዩ ላስቲክ አለበስሁት፣ በሩንም ወደ ቁልቁለቱ አዘነበልሁት። በጥጡ ፈንታ ያልታጠበ የበግ ጠጉር አስገባሁ፤ ቅባቱ ውኃ እንደሚከለክል የነገሩኝ በዚያው በግ የሚጠብቁ አንድ አባት ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ለማባበያ የማስገባውን የለውዝ ቅቤ ከገብስ በሶ ጋር ለውሼ አበዛሁት፤ ትንሽ እንስሳ ሙቀቱን የሚጠብቀው በመብላት ነውና። ፍተሻውንም ጎህ ሲቀድ አደረግነው። በቀጣዮቹ አምስት ሌሊቶች አንድም አልሞተብንም።