ርካሽ ስማርት ስልክ ስትገዙ አትሸወዱ

በትንሽ ብር የሚሸጥ ስማርት ስልክ የሆነ ቦታ ላይ ጉድለት አለው። “ሁሉ ነገሩ አሪፍ ነው” የሚላችሁ ሻጩ ብቻ ነው። የትኛውን ጉድለት እንደምትችሉት ሳትወስኑ ጎንደር ፒያሳ ሞባይል ቤት በር ላይ ከቆማችሁ፣ ሻጩ ይወስንላችኋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ በተለይ በራሙ፣ ማለትም ስልኩ የከፈታችሁትን አፕ በሚያሠራበት ጊዜያዊ ሚሞሪ። “8 ጊጋ ራም ነው ወንድሜ” ይባላል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ግን በደቃቁ 4+4 ይላል። እውነተኛው ራም 4 ነው። የቀረው 4 ፎቶና አፕ ከሚቀመጥበት ከስልኩ ስቶሬጅ ተቆርጦ ራም ሆኖ እንዲያግዝ የተደረገ ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ጋር አይገናኝም። ቴክኖም፣ ኢንፊኒክስም፣ ሬድሚም፣ ሳምሰንግም ይሄ ነገር አላቸው፣ ነውርም የለውም፤ ነውሩ ደምሮ አንድ አድርጎ መሸጡ ላይ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቱና በዓይናችሁ እዩ። 2 ጊጋ ራም ያለውን እኔ ለማንም አልመክርም። አንድሮይድ ጎ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ይጫንበታል፣ እውነት ነው፤ ግን ቴሌግራምና ፌስቡክ ከፍታችሁ መሀል ላይ ስልክ ቢደወል ስታክ ማድረጉ አይቀርም።

ስቶሬጅም ላይ እንዲሁ ነው። 64 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ስልክ ገና ሲከፈት ሲስተሙ ጥሩ አድርጎ ወስዶለታል። የቀረውን ቴሌግራም ይጨርሰዋል። “ሚሞሪ ካርድ እጨምራለሁ” ማለት ለፎቶና ለመዝሙር ይሠራል፣ አፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ትንሽ ጨምራችሁ 128 ብትገዙ ይሻላል።

ካሜራ ላይ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ያስቀኛል። ሰው ከኋላ ያለውን ክብ ይቆጥራል! ርካሽ ስልክ ላይ ሦስት ክብ ካለ በደንብ የሚሠራው ብዙ ጊዜ አንዱ ነው፤ የቀሩት ወይ 2 ሜጋፒክስል ናቸው ወይ ለጌጥ የተቀመጡ። 50 ሜጋፒክስል የሚባለውም ቢሆን እንደተለመደው አራት አራቱን ነጥብ አንድ እያደረገ ስለሚያነሣ ፎቶው ወደ 12 ተኩል ይወርዳል። ከዚህ የሚብሰው ግን ካሜራውን ሱቁ በር ላይ፣ ፀሐይ ላይ ሞክሮ መግዛት ነው። በጎንደር ቀትር የማያምር ፎቶ የለም። ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ አዙሩት፣ የሚንቀሳቀስ ሰው አንሡበት፣ እየተራመዳችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ለጥምቀት ሌሊት ፋሲል መዋኛ የምታነሡት ምን እንደሚመስል የሚነግራችሁ ያ ጥግ ነው።

ባትሪ ሲባል ሁሉም 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት (mAh) የሚለውን ይጠይቃል። እሱ አሁን ርካሹም ላይ ሞልቷል፣ ስለዚህ አያስመርጥም። የሚረሳው ቻርጀሩ ነው። በ10 ዋት ከባዶ ለመሙላት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ 18 ዋት የሚቀበል ስልክ ግን ወደ ሁለት ሰዓት ዝቅ ይላል። መብራት የማይጠፋበት አገር ሰክቶ መተኛት ነው። እኛ ጋ ግን መብራት መጣ ሲባል ሮጠን ነው የምንሰካው፣ መልሶ እስኪሄድ ምን ያህል እንደያዘልን ነው ቁም ነገሩ። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ፣ ስልኩም ያንን መቀበሉን ጠይቁ።

በተቃራኒው የስክሪኑ ጥራት 720 ፒክስል ብቻ ነው ብሎ ጥሩ ስልክ መተው ልክ አይመስለኝም። ለቴሌግራምና ለዩቲዩብ ይበቃል፣ ባትሪም ይቆጥባል። ጀርባው ፕላስቲክ ነው ብሎ መተውም ያው ነው፤ ከቨር ይገባበት የለ? ስክሪኑን ግን ፀሐይ ላይ አውጡት። አዘዞ መስመር ባጃጅ የሚነዳ ሰው ቀን ላይ የደዋዩን ስም ማንበብ ካልቻለ ምን ያደርግለታል?

ዩዝድ የምትገዙ ደግሞ ሁለት ነገር ሳታዩ ብር እንዳትቆጥሩ። አንደኛ፣ የድሮው ባለቤት አካውንቱን ከስልኩ ያውጣና ፊታችሁ ሪሴት ያድርገው። አለዚያ እናንተ ሪሴት ባደረጋችሁት ቀን የሱን ጂሜይል ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ስልክ አያነሣም። ሁለተኛ፣ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ በአንድ ኩባንያ መስመር ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁን ሲም አስገቡ፣ ደውሉ፣ ዳታ ክፈቱ። *#06# ብትመቱ የሚመጣው የስልኩ መለያ ቁጥር (IMEI) ካርቶኑ ካለ ከሱ ጋር መመሳሰል አለበት።

የሴኪዩሪቲ አፕዴቱን ቀንም ሴቲንግ ውስጥ እዩ። ቴሌብርና የባንክ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ዓመታት ያለፉት ቀን ካያችሁ ስልኩን መልሱለት።

መጨረሻ ላይ የሚረሳው ጠጋኙ ነው። ስልኩን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ጎራ በሉና “የዚህ ስክሪን ስንት ነው? እዚሁ አለ?” በሉት። ብዙ ሰው የያዘው ስልክ ዕቃው አይጠፋም፣ ቴክኖና አይቴልን የማይነካ ጠጋኝ የት አለ። ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ብራንድ ከሆነና “ከአዲስ አበባ ማስመጣት አለብኝ” ካላችሁ፣ ወይም የስክሪኑ ዋጋ የስልኩን ግማሽ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ እሱን ትታችሁ ቀጣዩን ሱቅ እዩ።