ላሜራ በማጣበቂያ ሲገጠም መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ባለፈው ክረምት የአንድ አሮጌ ቮልስ በር መጣልኝ። የውጪው ላሜራ ከታች በኩል ተነስቶ ጣት ያስገባል። ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ትግል ተላቀቀ። ማጣበቂያውን ገልብጬ አየሁት፤ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፣ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ጀርባው ላይ ግን የድሮው ሰማያዊ ቀለም ሙሉ በሙሉ ተለጥፎ ወጥቷል። ማጣበቂያው የያዘውን አልለቀቀም፤ ከብረቱ የተላቀቀው ቀለሙ ነው።

"የላሜራ ማጣበቂያ አይሠራም" የሚሉ ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ ያዩት ይህንኑ ነው። እኔ ግን ለእድሳት ሥራ ከመጡልን ነገሮች ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው። ስስ ላሜራ በብየዳ ሙቀት አይጣመምም፣ ጎድጓዳውን ለመሙላት የሚለቀለቀው ስቱኮ ይቀንሳል፣ በመጋጠሚያው ውስጥም ውሃ አይገባም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ከታች ያሉትን ስህተቶች ካልሠራን ነው።

ቀለም፣ ስቱኮ ወይም ዝገት ላይ መለጠፍ። የላሜራ ማጣበቂያው፣ ማለትም ሁለት ክፍሎቹ ተደባልቀው የሚጠነክሩት ኢፖክሲ፣ የሚፈልገው ራቁቱን የወጣ ብረት ነው። ሁለቱም ፊቶች በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ይፋቃሉ። ግራይንደሩን አንድ ቦታ ላይ አታቆዩት፤ የአሮጌ መኪና ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ቶሎ ይሳሳል። ብዙ ሰው የሚስተው የጽዳቱን ቅደም ተከተል ነው። ቅባቱና ሰሙ ከመፋቁ በፊት መጽዳት አለበት፤ አለዚያ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ ያስገባዋል። ከተፋቀ በኋላም በአሴቶንና በንጹሕ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይጠረጋል። በቤንዚን አትጥረጉ፤ ሲተን ቅባት ትቶ ይሄዳል። የተፋቀው ብረት በዚያው ቀን ይለጠፍ። በተለይ በክረምት አድሮ ቡኒ ሽፋን ያወጣል፤ ያ ማለት እንደገና መፋቅ ነው።

የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን አካል በማጣበቂያ መተካት። እዚህ ላይ ልለማመጥ አልፈልግም። የበር የውጪ ላሜራ ይለጠፋል፤ የኋላ ጎን ላሜራም፣ መጋጠሚያው በትክክለኛው ቦታ ከሆነ፣ ይለጠፋል። የቮልስ በሮች ሥር የሚያልፈው፣ የማሞቂያው አየር የሚሄድበት ሳጥን ግን የቦዲው አጥንት ነው፤ እሱ ይበየዳል። የበር ቋሚዎችም፣ ሻሲም እንዲሁ። በአሜሪካ ቴክሳስ የአንድ የ2010 ሞዴል "ሆንዳ ፊት" (Honda Fit) መኪና ጣሪያ በበረዶ ተጎድቶ ሲቀየር፣ አምራቹ እንዲበየድ ያዘዘውን ጋራዡ በማጣበቂያ ለጠፈው። እ.ኤ.አ. በ2013 መኪናው ተጋጨ፤ ውስጥ የነበሩት ባልና ሚስት ክፉኛ ተጎዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የዳላስ ዳኞች ጋራዡን 31.5 ሚሊዮን ዶላር ተጠያቂ አደረጉት። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ሸካሚ አካል ላይ ማጣበቂያ የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ከነጥብ ብየዳ ወይም ከሪቬት ጋር አጣምረው ነው። የ1960ዎቹ ቮልስ ግን ሲነደፍ የታሰበለት ብየዳ ብቻ ነበር።

ሃርድነር (ማጠንከሪያውን ክፍል) ከልክ በላይ መጨመር። ይህ ከስቱኮ የመጣ ልማድ ነው። ብርድ ሲሆን ሃርድነሩን በዛ አድርገን ስቱኮ ማድረቅ ለምደናል። ኢፖክሲ ግን በልክ ብቻ የሚሠራ ነገር ነው። ከመጠን ያለፈው ሃርድነር የሚዋሃደው ስለሌለው ውስጡ ተርፎ ያልፈሰፍሰዋል። ቱቦውን ስትከፍቱ የማደባለቂያውን አፍንጫ ሳትገጥሙ ትንሽ ግፉት፤ ሁለቱም ክፍል አብረው መውጣታቸውን እዩ። ከዚያ አፍንጫውን ግጠሙና መጀመሪያ የሚወጣውን የአፍንጫው ርዝመት ያህል ጣሉት። ዋጋውን ሳስብ እኔንም ያንገበግበኛል፤ ግን ያልተዋሃደው ክፍል እሱ ውስጥ ነው።

ሳይለኩ መቀባት። ላሜራው መጀመሪያ በደረቁ ይገጠም፣ ክላምፖቹ ሁሉ ይታሰሩ፣ የበሩ ዙሪያ ክፍተት ይታይ፣ ቦታው ምልክት ይደረግበት። ከዚያ ይፈታና ይቀባል። አንዳንዱ ማጣበቂያ እስከ 90 ደቂቃ የመሥሪያ ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ሰዓት ክላምፕ ፍለጋ ከጀመራችሁ ግን ያልቃል። ሲቀባ በመጀመሪያ የተፋቀው ብረት በሙሉ፣ በሁለቱም ፊት፣ ስስ ሆኖ ይለቅለቅ። ከዝገት የሚጠብቀው ይህ ሽፋን ነው። ወፍራሙ መስመር የሚመጣው በላዩ ነው።

አጥብቆ መጭመቅ። ብየዳ የለመደ እጅ ክላምፕ ሲያስር ኃይሉን ሁሉ ይጠቀማል። ማጣበቂያው ግን መሐል ላይ መቅረት አለበት። ብዙዎቹ ውስጣቸው ጥቃቅን የብርጭቆ ቅንጣቶች ያሉት ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ላሜራዎች ጨርሰው እንዳይነካኩ ይለያያሉ። ጠርዙ ላይ ትንሽ ወጣ ሲል በቂ ነው። ላሜራው አንዴ ከተነካ በኋላ ደግሞ አታንሱት፤ ቦታውን ከሳተ አንሸራቱት። ካነሳችሁት አየር ይገባል።

ጫፍ ለጫፍ መለጠፍ። ማጣበቂያ የጎን መንሸራተትን በደንብ ይቋቋማል፤ ከጠርዝ የሚጀምር መላጥ ግን ይጎዳዋል። ስለዚህ ቁራጭ ስታስገቡ ከኋላው ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሚደራረብ ላሜራ ይኑረው።

ከተለጠፈ በኋላ አጠገቡ መበየድ። መጀመሪያ ብየዳው ይጠናቀቅ። የብየዳ ሙቀት ኢፖክሲውን ያቃጥለዋል፤ ጭሱም መርዛማ ነው።

በችኮላ ክላምፕ መፍታት። አዲስ አበባ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ምን ያህል እንደሚበርድ እናውቃለን። በ22 ዲግሪ በ4 ሰዓት ውስጥ የሚይዘው ማጣበቂያ በዚያ ብርድ እስከ ማግስቱም አይበቃው ይሆናል። በጥፍር ሲነካ መጠንከሩ ምስክር አይሆንም።

በማጣበቂያው ፋንታ ሲሊኮን መጠቀም። ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ብረቱን ራሱ ያዝጋል፣ አጠገቡም ቀለም በትክክል አይቀመጥም።

ጓንት አለማድረግ። ኢፖክሲ ቆዳን አንዴ ካስቆጣ በኋላ ትንሿ ጠብታ እንኳ ማሳከኳን አትተውም።

አሁን አዲስ ቱቦ በከፈትኩ ቁጥር ከዚያው መኪና ላሜራ ሁለት ጣት የሚያክሉ ቁራጮች ቆርጬ፣ ልክ እንደ በሩ ፍቄና ጠርጌ እለጥፋቸዋለሁ። በማግስቱ አንዱን ሞርሳ ላይ አስሬ ሌላውን በፒንሳ እልጠዋለሁ። ማጣበቂያው መሐሉ ላይ ተቀዶ ሁለቱም ብረት ላይ ከቀረ በሩን እጀምራለሁ። አንዱ ብረት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ግን በሩን ሳልነካ ወደ መፋቁ እመለሳለሁ።