መልእክቱ የት ያርፋል? የኢሜይል ሰርቨር ማከማቻ አዘገጃጀት

የኢሜይል ሰርቨር ሲተከል ብዙ ሰው የሚጨነቀው መልእክት ስለመላክና ስለመቀበል ነው። ከደረሰ በኋላ የት እንደሚቀመጥ ግን ለብ ለብ ተደርጎ ይታለፋል። እኔ ሁሌም ከዚያ ነው የምጀምረው። የሰው መልእክት ከተከማቸ በኋላ አቀማመጥ መቀየር ከባድ ጣጣ አለው።

የማወራው ሊኑክስ ላይ ስለሚሠሩት ፖስትፊክስና ዶቭኮት ነው። ፖስትፊክስ መልእክቱን ይቀበላል። ዶቭኮት ደግሞ ለተጠቃሚው ያቀርባል።

መጀመሪያ የአቀማመጡን ዓይነት ምረጡ። በኤምቦክስ አንድ ፎልደር ማለት አንድ ፋይል ነው፤ መልእክቶቹ ተከታትለው እዚያው ይጻፋሉ። ከመሃል አንዱን ለማጥፋት ከሱ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና መጻፍ አለበት። ሁለት ፕሮግራሞች ፋይሉን ሳይቆልፉ እኩል ከነኩት ደግሞ ይበላሻል። በሜይልዲር ግን እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፋይል አለው። ለአነስተኛና ለመካከለኛ ሰርቨር ከሜይልዲር ሌላ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

ሜይልዲር ውስጥ ሦስት ፎልደሮች ታገኛላችሁ፦ ቲኤምፒ፣ ኒው እና ከር። አዲስ መልእክት መጀመሪያ ቲኤምፒ ውስጥ ይጻፋል። ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ወደ ኒው ይዛወራል። ስለዚህ ሰርቨሩ መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ ግማሽ መልእክት ተጠቃሚው ጋ አይደርስም። ተጠቃሚው የመልእክት ሳጥኑን ሲከፍት ፋይሉ ወደ ከር ያልፋል፤ ስሙ መጨረሻ ላይም ምልክት ይጨመርበታል። ኤስ ካለ ተነቧል፣ አር ካለ መልስ ተሰጥቶበታል። ይህን ያወጣው ኪውሜይል የተባለው የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ሠሪ ዳንኤል በርንስታይን ነው። እኔ በጣም የምወደው ችግር ሲኖር ፎልደሩን ከፍቼ በዓይኔ ስለማይ ነው።

አሁን ወደ ቅንብሩ። ተጠቃሚዎቹ ሰርቨሩ ላይ የራሳቸው አካውንት ካላቸው፣ በፖስትፊክስ ዋና የቅንብር ፋይል ውስጥ ሆም_ሜይልቦክስ የሚለው ላይ ሜይልዲር ብላችሁ ጻፉ፤ መጨረሻው ላይ ስላሽ ጨምሩ። ይቺ ስላሽ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ከሌለች ፖስትፊክስ ፎልደር መፍጠሩን ትቶ በዚያው ስም አንድ የኤምቦክስ ፋይል ይከፍታል። ዶቭኮት ላይ ደግሞ ያንኑ ቦታ ሜይል_ሎኬሽን በሚለው ታሳያላችሁ። ከዶቭኮት 2.4 እትም ጀምሮ ይህ ለሁለት ተከፍሎ ሜይል_ድራይቨር እና ሜይል_ፓዝ ሆኗል። ሎጉ «ደርሷል» እያለ ሳጥኑ ባዶ ከሆነባችሁ፣ መጀመሪያ የምታዩት ፖስትፊክስና ዶቭኮት አንድ ቦታ ማየታቸውን ነው።

የተሻለው መንገድ ግን ፖስትፊክስ ራሱ ፋይል እንዳይጽፍ ማድረግ ነው። መልእክቱን በኤልኤምቲፒ (ሰርቨር ውስጥ መልእክት ማስረከቢያ ፕሮቶኮል) ለዶቭኮት ያስረክብ፤ የሚያስቀምጠው ዶቭኮት ብቻ ይሁን። ያኔ የማከማቻው አድራሻ አንድ ቅንብር ላይ ብቻ ይጻፋል። ኮታም፣ ማለትም ለአንድ ሳጥን የተፈቀደው የቦታ ገደብ፣ በትክክል የሚሠራው እንዲህ ሲሆን ነው። ፖስትፊክስ በራሱ ከጻፈ የዶቭኮትን ኮታ አያውቀውም፤ ሳጥኑ ሞልቶም ዝም ብሎ ይጨምራል። የፖስትፊክስ ሜይልቦክስ_ሳይዝ_ሊሚት ኮታ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በሜይልዲር ላይ የሚገድበው የአንዱን መልእክት ፋይል መጠን ብቻ ነው።

ነባር ሳጥኖች ላይ ኮታ ከጀመራችሁ ቦታውን እንደገና የሚያሰላውን ዶቭአድም ኮታ ሪካልክ የሚለውን የዶቭኮት ትዕዛዝ አስኪዱ፤ አለዚያ ቁጥሩ ይዛባል። ሳጥን ሲሞላ ደግሞ መልእክቱን ተቀብሎ በኋላ ከመመለስ በር ላይ እንቢ ማለት ይሻላል። የላኪው አድራሻ የተጭበረበረ ከሆነ ምላሹ ምንም የማያውቅ ሰው ላይ ይዘንባልና። የዶቭኮት ኮታ-ስታተስ አገልግሎት ለፖስትፊክስ ይህን አስቀድሞ ይነግረዋል። ለቆሻሻና ለስፓም ፎልደሮች ኦቶኤክስፐንጅን (አሮጌ መልእክት በራሱ የሚያጠፋውን ቅንብር) 30 ቀን ላይ አድርጉት፤ ብዙ ቦታ ይተርፋል።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ሜይልዲር ሚሊዮን ትንንሽ ፋይል ይፈጥራል፤ እያንዳንዱም አንድ አይኖድ (ዲስኩ ላይ የፋይሉ መረጃ የሚያዝበት መዝገብ) ይወስዳል። ኢኤክስቲ4 በተባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ላይ የአይኖድ ብዛት የሚወሰነው ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ነው። ዲስኩ ገና ግማሽ ሆኖ «ቦታ የለም» ሊል ይችላል። ዲኤፍ የሚለውን ትዕዛዝ ከሰረዝ አይ ጋር አስኪዱና የቀረውን እዩ። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ሌላው ፋይል ሲስተም አይኖድ እንደአስፈላጊነቱ ስለሚፈጥር ለትልቅ ሰርቨር እሱን እመርጣለሁ።