ሰርቨሩ ተነስቶ ዌብሳይቱ ሳይነሳ ሲቀር፦ ፓስወርድ ያለው ፕራይቬት ኪ

መብራት ሄዶ ይመለሳል። ሰርቨሩ ይነሳል፣ ዌብሳይቱ ግን አይከፈትም። ገብታችሁ ኤንጂንኤክስን (ዌብሳይቱን ለጎብኚዎች የሚያቀርበውን ፕሮግራም) በእጃችሁ ስታስነሱት ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ትጽፋላችሁ፣ ይሠራል። በሚቀጥለው ሪስታርት ግን ያው ችግር ይመለሳል።

ምክንያቱ ፕራይቬት ኪው፣ ማለትም ዌብሳይቱ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ በፓስወርድ መቆለፉ ነው። እናንተ ስታስነሱት ጥያቄው ስክሪናችሁ ላይ ይመጣል። ማሽኑ ሲነሳ ግን ኤንጂንኤክስን ከጀርባ የሚያስጀምረው ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ነው። ጥያቄውን የሚያይም የሚመልስም ሰው የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ፓስወርዱን ከቁልፉ ላይ ያነሳዋል። አንድ ትዕዛዝ ነው፣ በደቂቃ ያልቃል። እባካችሁ አትቸኩሉ። ከዚያ በኋላ የባካፑ አንድ ኮፒ እጁ የገባ ሰው ሁሉ በዌብሳይታችሁ ስም መቅረብ ይችላል።

መጀመሪያ ፓስወርዱ ራሱ ትክክል መሆኑን አረጋግጡ። ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው የምስጠራ መሣሪያ «ፒኪ» ትዕዛዝ ቁልፉን ክፈቱት። «ኖአውት» የሚለውን አማራጭ አትርሱ፤ አለዚያ የተፈታው ቁልፍ ስክሪናችሁ ላይ ይዘረገፋል። «ባድ ዲክሪፕት» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፓስወርዱ ተሳስቷል። ከከፈተ ደግሞ ፓስወርዱ ደህና ነው፣ የጎደለው ለፕሮግራሙ የሚያደርስበት መንገድ ነው።

ለኤንጂንኤክስ መንገዱ አለ። ከ1.7.3 ጀምሮ «ኤስኤስኤል ፓስወርድ ፋይል» የሚባል መቼት ገብቶለታል። ፓስወርዱን በአንድ ፋይል ጽፋችሁ አድራሻውን ታሳዩታላችሁ። በየመስመሩ አንድ ፓስወርድ ይጻፋል፣ እሱም በተራ ይሞክራቸዋል። ስለዚህ ቁልፍ ስትቀይሩ አሮጌውንና አዲሱን ለጊዜው አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል። የፋይሉ ባለቤት ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዱ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) ይሁን። ዋናው ፕሮሰስ በሩት ስለሚነሳ ማንበብ አይቸግረውም። አንዴ ከተነሳ በኋላ ፋይሉን እንዳታጠፉት፤ ሪሎድ ስታደርጉ (መቼቱን እንደገና እንዲጭን ስታዙት) መልሶ ያነበዋል።

የምትጠቀሙት ዌብ ሰርቨር ኤንጂንኤክስ ሳይሆን አፓቼ ከሆነ «ኤስኤስኤል ፓስፍሬዝ ዳያሎግ» በሚለው መቼት ላይ «ኤግዜክ» ብላችሁ ፓስወርዱን የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት ትሰጡታላችሁ።

በጣም የሚያደክመው ራሳችሁ በጻፋችሁት ፕሮግራም ላይ የሚመጣው ነው። በእጅ ሲጻፍ ቁልፉን የሚከፍተው ፓስወርድ ከፋይል ሲነበብ «ባድ ዲክሪፕት» ይላል። እኔ በዚህ ግማሽ ቀን አጥቻለሁ። ፋይሉን በ«ኤኮ» ትዕዛዝ ስትፈጥሩ መጨረሻው ላይ የማይታይ የመስመር መስበሪያ ይገባል። ኮዳችሁ እሱንም የፓስወርዱ አካል አድርጎ ይወስደዋል። ፓይተን ላይ ካነበባችሁ በኋላ የመስመር መስበሪያውን ብቻ ቁረጡ። ክፍት ቦታውን ሁሉ አትቁረጡ፣ የፓስወርዱ አካል ሊሆን ይችላል። ከዚያ የዌብሳይቱን ሰርተፍኬት ከነቁልፉ በምትጭኑበት ፈንክሽን ላይ «ፓስወርድ» ለሚለው ቦታ ስጡት። ቦታውን ባዶ ከተዋችሁት ኦፕንኤስኤስኤል ራሱ ተርሚናል ላይ ሊጠይቅ ይሞክራል፣ እናም ወደ መጀመሪያው ችግር ተመለሳችሁ ማለት ነው።

ፓስወርዱን ትዕዛዙ መስመር ላይ አትጻፉት። በተለመደው የሊኑክስ አሠራር እዚያው ማሽን ላይ ያለ ሌላ ተጠቃሚ «ፒኤስ» (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብሎ ያየዋል። ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ፕሮግራሙ ሲነሳ ከትዕዛዙ መስመር ውጭ የሚሰጠው እሴት) ይሻላል፣ ግን ፕሮግራሙ የሚያስነሳቸው ልጅ ፕሮሰሶች ሁሉ ይወርሱታል።

የፓስወርዱን ፋይል ከቁልፉ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ካስቀመጣችሁት መቆለፉ ብዙም አልጠቀመም። ለየብቻ ይሁኑ፣ በአንድ ባካፕ አይግቡ፣ ጊት (የኮድ ማስቀመጫው) ውስጥ ደግሞ በጭራሽ። ሲስተምዲያችሁ 250 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፓስወርዱን አመስጥሮ ይይዝላችኋል፣ አገልግሎቱ ሲነሳም ፈትቶ ያቀርብለታል። ማሽኑ ቲፒኤም ቺፕ (ምስጢር የሚጠብቅ የማሽኑ አካል) ካለው ምስጢሩን ከዚያ ጋር ማሰር ይቻላል፤ ያኔ ዲስኩ ተነቅሎ ቢወሰድ እንኳ ፓስወርዱ አይፈታም።

ስትጨርሱ ሰርቨሩን በቀን፣ እናንተ አጠገቡ እያላችሁ ሪስታርት አድርጉት። ተርሚናል ሳትነኩ ዌብሳይቱን ከስልካችሁ ክፈቱ።